ጠርሙሱን ከመክፈታችሁ በፊት መለያውን አንብቡ

ልጆቼ፣ እኔ ሮም ውስጥ ሳህን በማጠብ ጀምሬ ነው ወይን አስተናጋጅ የሆንኩት። አሁን እናንተም በየምግብ ቤቱ ሥራ ስትጀምሩ ሳይ ደስ ይለኛል። ግን ብዙዎቻችሁ የወይን ስም እንደ ስልክ ቁጥር ትሸመድዳላችሁ። እሱ አይበቃም።

በመጀመሪያው ዓመቴ አንድ አዛውንት እንግዳ «ቪኖ ኖቢሌ ዲ ሞንቴፑልቻኖ» አዘዙኝ። መደርደሪያው ላይ «ሞንቴፑልቻኖ» የሚል አየሁና ይዤ ሄጄ፣ መለያውን እስኪያዩት እንኳ ሳልጠብቅ ቡሹን ነቀልኩት። ሰውየው አልተቆጡም። ጠርሙሱን አዞሩና ቀጥላ የተጻፈችውን «ዳብሩዞ» የምትል ቃል በጣታቸው አሳዩኝ። ዋጋው ከደሞዜ ተቆረጠ፤ እኔን ያንገበገበኝ ግን አለማወቄ ነው።

ሞንቴፑልቻኖ ቶስካና በሚባለው የጣሊያን ክልል ውስጥ ኮረብታ ላይ ያለች ከተማ ናት። የእሷ ወይን በዋናነት ሳንጆቬዜ ከሚባል ዘር ነው የሚሠራው። እኔ የከፈትኩት ሁለተኛው ግን የወይኑ ዘር ራሱ ነው ሞንቴፑልቻኖ የሚባለው፤ በብዛት የሚበቅለውም በአድሪያቲክ ባሕር በኩል፣ አብሩዞ በሚባለው ክልል ነው፤ «ዳብሩዞ» ማለትም «የአብሩዞ» ማለት ነው። ስማቸው አንድ፣ ወይናቸው ለየቅል። ስለዚህ መለያ ስታነቡ መጀመሪያ «ይሄ የቦታ ስም ነው ወይስ የዘር?» በሉ።

ባሮሎ የሚባለው ቀይ ወይን ስሙን ያገኘው ከመንደር ነው። ዘሩ ኔቢዮሎ ብቻ ነው፤ ሌላ ጠብ አይልበትም። በሰሜን ምዕራብ ጣሊያን ካለው የፒየሞንቴ ክልል 11 ኮሙኔዎች (የአካባቢ አስተዳደሮች) ውጪ የተሠራ ወይን በዚህ ስም አይጠራም። ለገበያ ከመውጣቱ በፊት ቢያንስ 38 ወር ይቆያል፣ 18ቱን በእንጨት በርሜል። እንግዳው ቀለሙን አይቶ «ቀጠነ» ቢላችሁ አትደንግጡ። ብርጭቆውን ነጩ የጠረጴዛ ልብስ ላይ ዘንበል አድርጉት፤ የቆየ ከሆነ ጠርዙ የሸክላ መልክ ይይዛል። ስትቀምሱት ደግሞ ብዙ እንደፈላ ሻይ ድድ ጭምድድ ያደርጋል።

የጠርሙሱ አንገት ላይ ያለችውን ቁጥር ያላት ቁራጭ ወረቀትም አትናቁ። ወይኑ የመጣበትን ቦታና አሠራሩን የሚጠብቀው የዲ.ኦ.ሲ. ሕግ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1963 ነው፤ ከዚያ በላይ ጥብቅ የሆነው ደረጃ፣ ዲ.ኦ.ሲ.ጂ. ላይ፣ ያቺ ወረቀት ግዴታ ናት። በ1986 ሜታኖል የሚባል መርዛማ አልኮል የተቀላቀለበት ርካሽ ወይን ከ20 በላይ ሰው ገድሏል፤ ከዚያ ወዲህ ወይኑ ከየት መጣ ብሎ መጠየቅ ቅንጦት ነው የሚለኝን ሰው አልሰማም። ያቺ ወረቀት ጣዕም አትሰጥም፣ እሱ እውነት ነው። ሳሲካያ ዛሬ ስንት የሚከፈልበት ወይን፣ ለብዙ ዓመታት ተራ የገበታ ወይን ተብሎ ነው የተሸጠው።

ነጩንስ? እባካችሁ እንደ በረዶ አቀዝቅዛችሁ አታቅርቡት፣ ሽታው ይጠፋል። የእረፍት ቀናችሁ ሲደርስ ከሮም ዋና ባቡር ጣቢያ ከቴርሚኒ ባቡር ይዛችሁ በነጭ ወይኗ ወደምትታወቀው ከተማ፣ ፍራስካቲ፣ ውጡ፤ ግማሽ ሰዓት ያህል ነው። ወይኑ ማልቫዚያ የሚባል ዘር የበዛበት ነው፣ አፈሩም የድሮ እሳተ ገሞራ ያወጣው ነው፤ ጎንበስ ብላችሁ በእጃችሁ ዝገኑት። ከዚያ ፍራስኬታ ከሚሏቸው ወይን ቤቶች አንዱ ግቡ። ምግቡን ከውጪ ይዛችሁ ብትገቡ የድሮ ልማዳቸው ነው፣ ማንም አይቆጣችሁም። ወይኑን እዘዙና ቀስ ብላችሁ ቅመሱት።