የአንባቢያን ጥያቄና መልስ፦ አክሰንት ነው ዲሚኑኤንዶ?

ጥያቄ፦ የሹበርትን ኦፐስ 90 ኢምፕሮምፕቱዎች (አራት አጫጭር የፒያኖ ድርሰቶች) እያጠናሁ ነው። አሮጌው እትሜ ረጅም የዲሚኑኤንዶ (ድምፅን ቀስ በቀስ የመቀነስ) ምልክት ያደረገበትን ቦታ አዲሱ በአጭር አክሰንት (አንድን ኖታ ጠንከር አድርጎ የመምታት ምልክት) ተክቶታል። የእጅ ጽሑፉን ፎቶ ሳየው ደግሞ ምልክቱ መጠኑ ከሁለቱ መሃል ነው። የትኛውን ልመን?

መልስ፦ የችግሩ መነሻ የሹበርት እጅ ነው። አክሰንትን በትልቁ ስለሚጽፍ ምልክቱ ብዙ ጊዜ ከኖታው አልፎ ይሄዳል፤ ሁለቱም > ስለሚመስሉ ከዲሚኑኤንዶ የሚለየው በአብዛኛው በርዝመቱ ነው። ማተሚያ ቤት ሲገባ ነገሩ ይብሳል። የዘመኑ ቀራጭ (የኖታውን ማተሚያ ሰሌዳ የሚቀርጸው ሰው) አክሰንትን በተዘጋጀ የብረት ማኅተም ይመታ ነበር፤ ዲሚኑኤንዶን ግን በመቅረጫ እየሳበ ያወጣዋል። መካከለኛ ምልክት ሲያጋጥመው አንዱን መምረጥ ነበረበት። እትሙ ላይ የምናየው የእሱን ምርጫ ነው።

ስለዚህ የእትሞችን ብዛት አይቁጠሩ። የኋላዎቹ ከፊተኞቹ ስለሚገለብጡ የአንድ ሰው ስህተት አሥር ቦታ ሊገኝ ይችላል። ይልቅ ደራሲው ያንን እትም የማየት ዕድል እንደነበረው ይጠይቁ። ከኦፐስ 90 ቁጥር 1 እና 2 እ.ኤ.አ. በ1827 ሹበርት በሕይወት ሳለ ታትመዋል። ቁጥር 3 እና 4 የወጡት ግን በ1857 ነው፤ እሱ የሞተው በ1828 ነው። ያ እትም ቁጥር 3ን ከጂ ፍላት ሜጀር ወደ ጂ ሜጀር አዛውሮታል። ቁልፉን የቀየረ እትም በምልክት ርዝመት ምስክር ሊሆን አይችልም። በነዚህ በሁለቱ ሚዛን የሚደፋው የእጅ ጽሑፉ ነው።

የእጅ ጽሑፉን ሲያነቡ መጀመሪያ የምልክቱ ሰፊ አፍ የት እንደሚጀምር ይዩ። ልክ ከኖታው ራስ ሥር ወይም በላይ ከሆነ ወደ አክሰንት ያደላል፤ ከኖታው በኋላ ጀምሮ ብዙ ኖታዎችን ካቀፈ ዲሚኑኤንዶ ነው። ቀጥሎ የሚመጣውንም ያንብቡ። ፒያኖ (በለሆሳስ) ተብሎ ተጀምሮ ከምልክቱ በኋላ ፒያኒሲሞ (እጅግ በለሆሳስ) ከተጻፈ መቀነሱ ያስኬዳል። ወዲያው በቃል «ዲክሬሸንዶ» (ይህም ድምፅን መቀነስ ማለት ነው) ከተጻፈ ግን ከፊቱ ያለው ምልክት ያንኑ መድገም አያስፈልገውም፤ አክሰንት የመሆኑ ዕድል ሰፊ ነው። የዜማው ሐሳብ ተመልሶ የሚመጣበትን ቦታም ያስተያዩ፤ አንዱ ጋ የተድበሰበሰው ሌላው ጋ ጥርት ብሎ ይገኛል።

ለፒያኖ ከሁሉ የሚበልጠው ፈተና ግን የመሣሪያው ጠባይ ነው። አንድ ኮርድ (አብረው የሚመቱ ኖታዎች) ከተመታ በኋላ ድምፁ በራሱ እየሞተ ስለሚሄድ ተጫዋቹ ሊያሳንሰው አይችልም። ብቻውን በተያዘ ኮርድ ላይ ያለ ምልክት እንግዲህ አክሰንት ነው ቢባል ይሻላል። ልብ ይበሉ፣ በቁጥር 3 እንዳለው ከተያዘው ዜማ ሥር የሚንቀሳቀስ አጃቢ ካለ ምልክቱ ለአጃቢው ሊሆን ስለሚችል ይህ ፈተና ብቻውን አይበቃም።

አክሰንት ነው ካሉ ደግሞ በፒያኒሲሞ ውስጥ ያለ አክሰንት ፎርቴ (ጮክ ያለ ድምፅ) እንዳልሆነ ያስታውሱ። ክብደቱን የላይኛው ድምፅ ላይ ብቻ ያሳርፉ፣ የቀሩት ጣቶች ባሉበት ይቆዩ፣ ቀጣዩ ኖታም ወደ ቀድሞው ደረጃ ይመለስ። ብዙ ጊዜ የሚበላሸው አጃቢው አብሮ ሲጮህ ነው።

ጥያቄ፦ በሾፐን ፕሪሉድ ኦፐስ 28 ቁጥር 20፣ በሦስተኛው ባር የመጨረሻ ኮርድ ላይ ያለው ኢ ፍላት (ግማሽ ደረጃ ዝቅ ያለ) ነው ናቹራል (ያልተለወጠ)?

መልስ፦ የእጅ ጽሑፉ ላይ ፍላት የለም፤ በዚያው ባር ቀደም ብሎ ናቹራል ስለተደረገ ቃል በቃል ካነበብነው ኮርዱ ሜጀር ይሆናል። ሆኖም የሾፐን ተማሪ በነበረችው በጄን ስተርሊንግ ቅጂ ላይ ፍላቱ በእርሳስ ተጨምሯል። እኛ ፍላቱን እንመርጣለን። ሾፐን እንዲህ ያለ ምልክት መርሳት ልማዱ ነበር፤ በሌላ በኩል በእርሳስ የተጨመረ ፍላት በመዘንጋት አይመጣም።

ይሁን እንጂ በተማሪ ቅጂ ላይ ያለ እርሳስ ሁሉ እርማት አይደለም። በኖክተርን ኦፐስ 9 ቁጥር 2 ላይ ለተማሪዎቹ የጻፋቸው ጌጦች አማራጮች ናቸው፤ አንዱን መርጦ መጫወት ይቻላል፣ ሁሉንም በአንድ ጊዜ መደርደር ግን ዜማውን ያፍነዋል።