ማስተርስና ፒኤችዲ ላይ ላላችሁ፦ የመረጃ ፍለጋ ጥያቄዎቻችሁን አምጡ

ሰላም ለሁላችሁም። ፒኤችዲ 3ኛ ዓመት ላይ ነኝ፤ የማጠናው ዝናብና ተፋሰስ ነው። ሰሞኑን «ይህን ሁሉ ነገር ከየት ነው የምታገኘው?» የሚለኝ ሰው ስለበዛ፣ ዛሬ ቁጭ ብዬ የቻልኩትን ያህል ልመልስ።

ጥያቄ፦ ጎግል ላይ ስፈልግ አድሬ ባዶ እጄን እነሳለሁ። ሌላው ሰው ግን ዝም ብሎ በአጋጣሚ ያገኛል። ምን ጎደለኝ?

መልስ፦ ምንም አልጎደለህም ወንድሜ። ስሙን የማታውቀውን ነገር ምን ብለህ ትፈልገዋለህ? እኔ ማስተርስ ላይ ሳለሁ የዝናብ መረጃ ፍለጋ ሁለት ወር ተንከራትቻለሁ። በእጄ የነበረው የዝናብ መለኪያ ጣቢያ መዝገብ መሃል መሃሉ ላይ ዓመታት የጎደሉት ነበር። አንድ ማታ፣ ያውም ሌላ ነገር ስፈልግ፣ የኬንያን ተፋሰስ ያጠና ሰው መመረቂያ ጽሑፍ ከፈትኩና የአሠራር ዘዴው ምዕራፍ ላይ «ቺርፕስ» የሚል ቃል አየሁ። የሳተላይትና የጣቢያ ልኬት ተጣምሮ የተሠራ፣ ከ1981 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ያለ፣ በግምት በየ5 ኪሎ ሜትሩ የተከፋፈለ የዝናብ መረጃ ነው። ያዘጋጁት የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ሳንታ ባርባራ ተመራማሪዎች ከአሜሪካ ጂኦሎጂካል ሰርቬይ ጋር ሆነው ነው፤ ለማውረድ አንድ ሳንቲም አያስከፍልም። ሁለት ወር ሙሉ የጎደለኝ አንድ ቃል ነበር ማለት ነው።

ከዚያ ወዲህ የማንንም ጥናት ስከፍት ከመደምደሚያው በፊት ዘዴውንና ምስጋናውን ነው የማነበው። ምስጋናው ላይ ሰው መረጃውን ማን እንደሰጠው ይናገራል። ሌላው ደግሞ የጥናት ጽሑፎችን በሚፈልገው ጎግል ስኮላር ላይ ከየጽሑፉ ሥር ያለችው «ሳይትድ ባይ» ናት። እሷን ስትጫናት ያን ጽሑፍ በኋላ የጠቀሱት ሁሉ ይመጡልሃል። ዋቢ ዝርዝሩ ወደ ኋላ ይወስድሃል፣ እሷ ግን ወደ ፊት።

ጥያቄ፦ የምፈልገውን ጽሑፍ ሳገኘው «30 ዶላር ክፈል» ይለኛል።

መልስ፦ አትክፈይ። መጀመሪያ እዚያው ስኮላር ላይ «ኦል ቨርዥንስ» የሚለውን እዪ፤ ብዙ ጊዜ ደራሲው ራሱ ዩኒቨርሲቲው ገጽ ላይ የጫነው ነጻ ቅጂ ይገኛል። አንፔይዎል የሚባለውን ብሮውዘርሽ ላይ ብትጭኚ ሕጋዊ ነጻ ቅጂ ካለ ይጠቁምሻል። ከዚያ ቤተ መጻሕፍታችሁ ሂጂና ለታዳጊ አገሮች ተቋማት የጥናት ጆርናሎችን በነጻ ወይም በቅናሽ የሚከፍተውን የሪሰርች ፎር ላይፍን መግቢያ ጠይቂ። በውስጡ ሂናሪ የጤናውን፣ አጎራ የግብርናውን ይዘዋል። ኢትዮጵያ በነጻ ከሚጠቀሙት አገሮች ናት፤ ግን የሚመዘገበው ተቋሙ እንጂ ተማሪው አይደለም። ስንቱ ተማሪ ይህን ሳያውቅ ተመርቆ እንደሚወጣ ሳስበው ያንገበግበኛል። ይህም ካልሆነ ለደራሲው ሦስት መስመር ኢሜይል ጻፊ። ጽሑፉ ስለተፈለገ ደስ የሚለው እንጂ የሚቆጣ እስካሁን አልገጠመኝም።

ጥያቄ፦ እኔ የፊሎሎጂ ተማሪ ነኝ። የናንተ ነገር ለብራና ይሠራል?

መልስ፦ እንዴታ! ሚኒሶታ ያለው የሂል ሙዚየምና የብራና ቤተ መጻሕፍት ከ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. ጀምሮ ኢትዮጵያ ውስጥ በማይክሮፊልም ከተነሡት ብራናዎች ብዙዎቹን ኢንተርኔት ላይ አስቀምጧል። በነጻ ትመዘገቢያለሽ፣ ገጽ በገጽ ታነቢያለሽ። ጽሑፎች ላይ «ኢኤምኤምኤል» ተብሎ ከቁጥር ጋር የምታዪው የዚያ ስብስብ መለያ ነው፤ ያን ቁጥር ይዘሽ ፈልጊ።

ጥያቄ፦ ቻትጂፒቲ አሥር ዋቢ ሰጠኝ። ልጠቀምባቸው?

መልስ፦ የእያንዳንዱን ርዕስ ስኮላር ላይ ፈልግ። ከሌለ ተጠራጠር፤ ቻትጂፒቲ አንዳንዴ የሌለ ጽሑፍ ፈጥሮ ደራሲና ዓመት ሰጥቶ ያቀርባል። ካለም ከፍተህ ሳታነብ አትጥቀስ።

ጥያቄ፦ ያገኘሁትን ባካፍል ሐሳቤን ይወስዱብኛል ብዬ እፈራለሁ።

መልስ፦ ፍርሃትህ ይገባኛል፤ ሲደርስም አይቻለሁ። ያልታተመ ውጤትህን ለማንም አታሳይ። መረጃውን ያገኘህበትን መንገድ ግን ለምን ትደብቃለህ? ቺርፕስን ለአምስት ልጆች አሳይቻቸው ነበር፣ አምስቱም የሠሩት የተለያየ ነገር ነው። አንዷ እንዲያውም እኔ ያላየሁትን አሳየችኝ፦ ተራራማ ቦታ ላይ ከጣቢያ ልኬት ጋር ሳታመሳክር ማመን የለብህም አለችኝ። ያን ባትነግረኝ ኖሮ ምዕራፍ ሦስቴ ገደል ይገባ ነበር።

ስታካፍሉ ግን በደንብ አካፍሉ። ቴሌግራም ላይ ስሙ ቁጥር ብቻ የሆነ ፒዲኤፍ ይለቀቅና ሥሩ «አሪፍ ነው እዩት» ይባላል። ማን ጻፈው? መቼ? ከየት ነው የወረደው? ሦስት ወር ቆይቶ ልጥቀሰው ስትል ምንም የለህም። ርዕሱን፣ ዓመቱን፣ ዋናውን ማያያዣና ለምን እንደጠቀማችሁ አንድ ዓረፍተ ነገር ጨምሩበት። የነጻ ትምህርት ዕድልም እንደዚያው፤ ስክሪንሾት ሳይሆን ዋናውን ገጽ ላኩ፣ ቀኑ ያለፈበት ማስታወቂያ ነው ሲዞር የሚከርመው። አብራችሁ የምትሠሩ ከሆነ ደግሞ ዋቢ መሰብሰቢያና ማደራጃ በሆነው ዞቴሮ ላይ የጋራ ስብስብ ክፈቱ። ነጻ ነው፣ አንዱ ያስገባውን ሁሉም ያየዋል።

ጥያቄ፦ እኔ ዕድሜዬ ገፋ ያለ መምህር ነኝ፣ ክረምት ክረምት ነው የምማረው። ያን ቺርፕስ የሚባለውን እንዴት እንደምታወርደው የጻፍከው ነገር ይኖራል?

መልስ፦ አለ ጋሼ። ሁለት ገጽ ነው፤ ከማውረድ ጀምሮ የራስዎን ወረዳ ለይቶ እስከ ማውጣት ድረስ አለበት። ዛሬ ማታ እለቀዋለሁ። የወረዳዎን ስም ይላኩልኝና የመጀመሪያውን አብረን እንሥራው።