መስመሩን የሚሰብረው የቀኙ ስፖኪዮ ነው

ጥያቄ፦ «ለመኪናዬ ባለ 4 ካሜራ የዙሪያ ማሳያ ራሴ ገጠምኩለት። ሦስት ነገር አስቸግሮኛል። ከላይ በሚታየው ምስል ላይ የማቆሚያው ነጭ መስመር በቀኝ በኩል ከፊትም ከኋላም ማዕዘኑ ላይ ሲደርስ ይሰበራል፤ ግራው ደህና ነው። የኋላ ማርሽ ሳስገባ የኋላው ካሜራ ምስል ይርገበገባል። ባለፈው ሳምንት ደግሞ ወደ ቀኝ ስጠመዘዝ ማሳያው ላይ ምንም ሳይታየኝ ቀጭን የብረት ምሰሶ በመከላከያዬ ጫፍ ገጨሁ። ካሜራዎቹን ልቀይራቸው?»

አይቀይሩ። እንደ ነገሩኝ ከሆነ ካሜራዎቹ ጤነኞች ናቸው። አንዱ ችግር የአተካከል፣ ሁለተኛው የሽቦ ነው። ሦስተኛው ግን ብልሽት አይደለም፤ አዲስ ካሜራ ቢገዙም አብሮዎት ይኖራል። ስለዚህ እሱን በሰፊው እመለስበታለሁ።

ማሳያው ላይ የሚያዩት የወፍ በረር ምስል ፎቶግራፍ አይደለም። ከመኪናው አናት በላይ የተሰቀለ ካሜራ የለም። ያሉት ከፊት ፍርግርጉ ላይ፣ ከኋላ ሰሌዳው በላይ እና ከሁለቱ ስፖኪዮዎች ሥር የተተከሉ አራት ዓይኖች ናቸው። እያንዳንዳቸው 180 ዲግሪ ገደማ የሚያይ ጎባጣ ሌንስ አላቸው። መቆጣጠሪያ ሳጥኑ የተንሻፈፉትን አራት ምስሎች ተቀብሎ ያቃናል፣ መሬት ላይ እንደ ምንጣፍ ያነጥፋቸዋል፣ ከዚያም ዳር ለዳር ይሰፋቸዋል። ኒሳን በ2007 እ.ኤ.አ. ይህን ዓይነት ማሳያ ለገበያ ካቀረበ ወዲህ ሌንሱም ስክሪኑም ብዙ ተሻሽሏል፤ የሥራው መሠረት ግን ያው ነው። ሳጥኑ በካሜራው የሚታየው ሁሉ መሬት ላይ የተኛ ነው ብሎ ያስባል።

አሁን ወደ መስመሩ። ከፊትም ከኋላም በቀኝ ብቻ መሰበሩን መጻፍዎ ሥራዬን አቅልሎልኛል። የፊት ካሜራው ቢሆን ኖሮ የተዛባው፣ የፊት ቀኝና የፊት ግራ ስፌቶች አብረው በተበላሹ ነበር። አንድ ማዕዘን ብቻ ቢሆን ደግሞ እዚያ ማዕዘን ላይ የተነጠፈውን የካሊብሬሽን ምንጣፍ (ሳጥኑ አራቱን ምስሎች እያየ የሚያስተካክልበትን ጥቁርና ነጭ ንድፍ ያለው ምንጣፍ) እጠረጥር ነበር። የቀኙ ሁለት ስፌቶች ሁለቱም የሚጋሩት ካሜራ አንድ ነው፤ የቀኙ ስፖኪዮ።

ስፖኪዮውን በእጅዎ ይያዙና ቀስ ብለው ወደ ላይና ወደ ታች ይወዝውዙት። ሌላ ሰው ማሳያውን ይመልከት። ምስሉ ከተወዛወዘ በኋላ ወደ ቦታው የማይመለስ ከሆነ መታጠፊያው ልል ነው፣ ወይም ካሜራው የተቀመጠበት ብሎን አልጠበቀም። ቀጥሎ ስፖኪዮውን አጥፈው ይክፈቱትና ነጩ መስመር የበፊቱ ቦታ ላይ መቆሙን ይዩ። ቀላል ነገር ይመስላል፤ ነገር ግን ካሜራው ከመሬት 1 ሜትር ከፍታ ላይ ቢሆንና 1 ዲግሪ ብቻ ቢያጋድል፣ 2 ሜትር ርቆ ያለው መስመር በምስሉ ላይ 9 ሴንቲ ሜትር ያህል ይሸሻል። አንድ ዲግሪ በዓይን አይታይም። እኔ ራሴ አንድ ጊዜ ግማሽ ቀን ሙሉ ምንጣፍ እያነጠፍኩና እያነሳሁ አራት ጊዜ ካሊብሬሽን ከደገምኩ በኋላ፣ ጥፋቱ የስፖኪዮው ታችኛ ፕላስቲክ ክዳን ክሊፑ ሳይያዝ መቅረቱ ሆኖ አገኘሁት። በር በተዘጋ ቁጥር ካሜራው ትንሽ ይንሸራተት ነበር። ከዚያ ቀን ወዲህ ምንጣፍ ከማንጠፌ በፊት በሮቹን በሙሉ ሁለት ሁለት ጊዜ ዘግቼ እከፍታለሁ።

አጥብቀው ሲጨርሱ ካሊብሬሽኑን ከአዲስ ይሥሩ፤ የቀኙን ብቻ ልጠጋግን አይበሉ። ደልዳላ መሬት ይፈልጉ፤ ተዳፋት ላይ የተሠራ ካሊብሬሽን ደልዳላ ቦታ ላይ ይዋሻል። የጎማዎቹ አየር ልኩን የጠበቀ፣ ጭነቱ እንደ ወትሮው፣ በሮቹ የተዘጉ፣ ስፖኪዮዎቹ እስከ መጨረሻው የተከፈቱ ይሁኑ። የዛፍ ወይም የአጥር ጥላ ምንጣፉ ላይ ከወደቀ ሳጥኑ ጥቁሩን ከነጩ መለየት ያቅተዋል። ምንጣፎቹን ካነጠፉ በኋላ በሜትር ሰያፉን ይለኩ፤ ከፊት ግራ ምንጣፍ የውጭ ጫፍ እስከ ኋላ ቀኝ፣ ከዚያም ከፊት ቀኝ እስከ ኋላ ግራ። ሁለቱ ልኮች እኩል ካልመጡ የምንጣፎቹ አራት ማዕዘን ተንጋዷል ማለት ነው። አብዛኛው ሰው በዓይኑ ገምቶ የሚያልፈው ይህን ነው፤ በኋላ ግን ካሜራውን ይረግማል።

የመርገብገቡ ነገር አጭር ነው። የኋላውን ካሜራ ኃይል ከኋላ ማርሽ መብራት የወሰዱት ይመስለኛል። በብዙ አዳዲስ መኪናዎች ለዚያ አምፖል የሚሄደው ኤሌክትሪክ ቀጥ ያለ አይደለም፤ ኮምፒውተሩ በፍጥነት እያበራና እያጠፋ ነው የሚልከው። አምፖሉ አይሰማውም፤ ካሜራው ግን ይሰማዋል። በቴስተር ሲለኩት ደህና ቮልት ሊያሳይዎት ይችላል፤ ቴስተሩ አማካዩን ስለሚያነብ አያምኑት። አራቱም ካሜራዎች ኃይላቸውን ከመቆጣጠሪያ ሳጥኑ ይውሰዱ። ከማርሽ መብራቱ የሚመጣው ሽቦ ለሳጥኑ «ማርሽ ገብቷል» ብሎ የሚናገር ምልክት ብቻ ይሁን። ምልክቱም ራሱ ከተርገበገበ ለዚህ ተብሎ የተሠራ ማጣሪያ ያለው ሪሌ (በኤሌክትሪክ የሚሠራ ማብሪያ ማጥፊያ) መሃል ያስገቡ። ማሳውንም (ከመኪናው ብረት ጋር የሚታሰረውን የኔጋቲቭ ሽቦ) ይፈትሹ፦ ሞተር ተነስቶ፣ መብራት በርቶ፣ ሳጥኑ ከታሰረበት ማሳ እስከ ባትሪው ኔጋቲቭ ድረስ ይለኩ። ከ0.1 ቮልት በላይ ካነበበ ቀለሙን ፍቀው ባዶ ብረት ላይ ደግመው ያስሩት።

ወደ ምሰሶው ልምጣ። በኔ እምነት መኪና ላይ ይህን ዕቃ የሚገጥም ሁሉ ቁልፉን ለባለቤቱ ከማስረከቡ በፊት ይህን ቁጭ አድርጎ ሊያስረዳው ይገባል።

ሳጥኑ ሁሉም ነገር መሬት ላይ የተኛ ነው ብሎ ያስባል ብያለሁ። የቆመ ነገር ሲያጋጥመው ከካሜራው በሚሸሽ አቅጣጫ ወደ ኋላ ያስተኛዋል። የፊት ካሜራዎ ከመሬት 60 ሴንቲ ሜትር ላይ ነው እንበል፤ 1 ሜትር ርቆ 50 ሴንቲ ሜትር የሚረዝም ምሰሶ ቆሟል። የምሰሶው እግር ማሳያው ላይ ትክክለኛ ቦታው፣ 1 ሜትር ላይ ይታያል። ጫፉ ግን 6 ሜትር ርቆ የተጋደመ ይመስላል። ለዚህ ነው የቆመ ሰው በምስሉ ላይ እንደ ምሽት ጥላ የሚረዝመው።

መሃል ፊት ለፊት ከሆነ ይህ መርዘም ይጠቅማል፤ ተጋድሞ ስለሚታይ ዓይን ይስባል። ማዕዘን ላይ ግን ነገሩ ይገለበጣል። ምሰሶው ልክ ስፌቱ ላይ ሲቆም የፊት ካሜራው ወደ ጎን ያስተኛዋል፤ ያ ደግሞ የጎን ካሜራው ክልል ስለሆነ ሳጥኑ ይቆርጠዋል። የጎን ካሜራው በበኩሉ ወደ ፊት ያስተኛዋል፤ ያ የፊት ካሜራው ክልል ነውና እሱም ይቆረጣል። ሁለት ካሜራ ያየው ምሰሶ ከማሳያው ላይ ይጠፋል፤ የሚቀረው የእግሩ ነጠብጣብ ብቻ ነው። እርስዎ የገጩት ይህን ነጠብጣብ ነው።

መድኃኒቱ የፍሬቻ ሽቦ ነው፤ ብዙ ጊዜ ሳይታሰር የሚቀረው ደግሞ እሱ ነው። አብዛኞቹ ሳጥኖች የግራና የቀኝ ፍሬቻ ምልክት ሲደርሳቸው የዚያን ጎን ካሜራ ያልተሰፋ ምስል ለብቻው ያወጣሉ፤ አንዳንዶቹም ስፌቱን ከሚዞሩበት ማዕዘን ያሸሹታል። ባልተሰፋው ምስል ላይ ምሰሶ እንደ ምሰሶ ቆሞ ይታያል። ሁለቱን ሽቦዎች ያስሩ፤ በጠባብ ቦታ ስትጠመዘዙ ማንም ባይከተልዎት እንኳ ፍሬቻ ያብሩ።

ሌላው ከምሰሶ የከፋ ነገር ከመሬት ከፍ ብሎ የተንጠለጠለ ዕቃ ነው። ከመኪናው ጎን 50 ሴንቲ ሜትር ላይ፣ ከመሬት 40 ሴንቲ ሜትር ከፍ ብሎ የወጣ ብረት ቢኖርና ከሥሩ ባዶ ቢሆን፣ 1 ሜትር ከፍታ ላይ ያለው የስፖኪዮ ካሜራ 83 ሴንቲ ሜትር የራቀ ያስመስለዋል። 33 ሴንቲ ሜትር የሌለ ክፍተት ይሰጥዎታል ማለት ነው። ከካሜራው ከፍታ በላይ ያለ ነገር፣ ለምሳሌ ከፊትዎ የቆመ የጭነት መኪና የተንጠለጠለ የኋላ ጫፍ፣ በወፍ በረር ምስሉ ላይ ቦታው ጨርሶ አይታወቅም፤ የሚያዩት ጎማዎቹን ነው። እንዲህ ያለ ቦታ ላይ ማሳያውን ይተዉና በመስኮት ይመልከቱ። ካላመኑኝ አንድ ባዶ ካርቶን የቀኝ ማዕዘኑ ላይ ያቁሙና ከማሳያው ፊት ሆነው ሌላ ሰው ትንሽ በትንሽ እንዲገፋው ያድርጉ። የሚጠፋበትን ቦታ በኖራ መሬት ላይ ያስምሩ፤ ያ የመኪናዎ ዕውር ማዕዘን ነው።

የበሩን ሽቦ ሊነኩት ስለሆነ አንድ ነገር ልጨምር። ከስፖኪዮው የሚመጣው ገመድ በበሩና በአካሉ መካከል ባለው ጎሚኒ (የጎማ ቱቦ) ውስጥ ይለፍ፤ በጎማ ማሸጊያው ላይ በውጭ የተወረወረ ገመድ ላይ በሩ ስንት ጊዜ እንደሚዘጋበት ያስቡት። በፊት መስታወቱ ዳር ባለው ምሰሶ ውስጥ ካለፈ ደግሞ እዚያ ያለው የአየር ከረጢት ፊት ለፊት ሳይሆን ከጀርባው ይሂድ፤ ከረጢቱ ሲፈነዳ ገመዱ መንገድ ላይ መቆም የለበትም።

ሳጥኑ መኪናው ቆሞ የሚቀርጽ ከሆነም ሽቦውን ከማሰርዎ በፊት ፍጆታውን ይለኩ። ግማሽ አምፒር የሚጠጣ ሳጥን በሁለት ቀን 24 አምፒር ሰዓት ይወስዳል፤ ይህ ደግሞ ከባለ 60 አምፒር ሰዓት ባትሪ 40 በመቶ ነው። ቮልቱ ሲወርድ የሚቆርጥ መቆጣጠሪያ ከሌለው ከቁልፍ ጋር በሚበራው ፊውዝ ላይ ብቻ ያስሩት።