ቦታ ከመመራቱ በፊት፦ ለጎንደር ወጣት ፕላነሮችና መሐንዲሶች

ውድ ልጆቼ፣

በከተማ ፕላን፣ በምሕንድስናና በመሬት አስተዳደር ተመርቃችሁ በጎንደርና በአካባቢዋ መሥሪያ ቤቶች ሥራ ለመጀመር ለተዘጋጃችሁ ሁሉ፣ በዚሁ ሙያ ያረጀሁ ሰው እንደመሆኔ አንድ ጉዳይ ላሳስባችሁ እወዳለሁ። የመንግሥት የቤት ፖሊሲና የአደጋ ስጋት ዕቅድ በእርግጥ የሚገናኙት ለአንድ አባወራ የቤት መሥሪያ ቦታ በሚመራበት፣ ማለትም በሚሰጥበት ጠረጴዛ ላይ ነው። እዚያ ካልተገናኙ የቴክኒክ ኮሚቴ ቢቋቋምም፣ የመግባቢያ ሰነድ ቢፈረምም የሚፈይደው ጥቂት ነው።

ሁለቱ ዘርፎች ለምን እንደተራራቁ ለመረዳት አመጣጣቸውን ማየት ይበጃል። የአደጋ ጉዳይ መሥሪያ ቤታችን የወሎን ረሃብ ተከትሎ በ1966 ዓ.ም. ለእርዳታ ማስተባበሪያነት የተቋቋመ በመሆኑ፣ ለረጅም ጊዜ ዓይኑ በድርቅ፣ በእህልና በገጠር ላይ ነበር። የከተማ ቤት ጉዳይ ደግሞ በሐምሌ 1967 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት ካደረገ በኋላ በሌላ መሥሪያ ቤት እጅ ገባ። አንዱ በኩንታል፣ ሌላው በካሬ ሜትር ሲቆጥር ዘመናት አለፉ። በ2005 ዓ.ም. የጸደቀው የአደጋ ስጋት ሥራ አመራር ፖሊሲ ትኩረቱን አደጋ ከደረሰ በኋላ ከሚሰጥ እርዳታ ወደ ቅድመ መከላከል አዛውሮ፣ እያንዳንዱ ሚኒስቴር በዘርፉ የሚመጣውን አደጋ እንዲመራ ኃላፊነት ሰጥቷል። ሰነዱን ራሳችሁ አንብቡት፤ ስሙን የሚጠራው ባለሙያ ብዙ ነው፣ ገጹን የገለጠው ግን ጥቂት ይመስለኛል።

መሬት የመንግሥትና የሕዝብ መሆኑን ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 40 ደንግጓል። ስለዚህ በእኛ አገር አደጋ ባለበት ቦታ ላይ የተሠራ ቤት የባለቤቱ ጥፋት ብቻ ነው ለማለት አይቻልም፤ ወይ ቦታውን የመራው መንግሥት ነው፣ ወይም ሕጋዊ ቦታ ስላላቀረበ ሰውየው ማንም ወደማይሻማበት የወንዝ ዳር ሄዷል። ብዙዎች ጨረቃ ቤትን፣ ማለትም ያለ ፈቃድ የሚሠራውን ቤት፣ የሥነ ሥርዓት ጉድለት አድርገው ብቻ ያዩታል። እኔ ግን የቤት አቅርቦት እጥረት ራሱ አደጋ አምራች ነው እላለሁ፤ በሊዝ ጨረታ መወዳደር የማይችለው ሰው ብዛት በአደጋ ስጋት ዕቅዱ ውስጥ ከዝናቡ መጠን ጎን ሊሰፍር ይገባዋል። በ1998 ዓ.ም. ክረምት በድሬዳዋ የደቻቱ ወንዝ ሞልቶ ከ200 በላይ ሰዎች ሲሞቱ፣ ጎርፉ ያገኛቸው ከወንዙ አፋፍ አጠገብ ሰፍረው ነበር። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. ደግሞ በደቡብ ኢትዮጵያ በጎፋ ዞን ተራራው ሲናድ፣ ለመርዳት የሮጡት ጎረቤቶች ዳግመኛ በተናደው አፈር ተቀበሩ። ቤቱ የተሠራበት ቦታ ሲሳሳት የነፍስ አድን ሥራም ነፍስ ያስከፍላል።

ወደ ጎንደር እንመለስ። ከተማችን በአንገረብና በቀሃ ወንዞች መካከል በኮረብታና በቁልቁለት ላይ ያለች ናት፤ ዋልካ አፈር ያለበት ሜዳ ደግሞ በክረምት ያብጣል፣ በበጋ ይሰነጠቃል፣ መሠረቱ ያልታሰበበትን ግድግዳም ይከፍላል። የመሬት መንቀጥቀጥ አያሰጋንም የሚል ቢኖር የአፄ ኢያሱ ቤተ መንግሥት በ18ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ በመንቀጥቀጥ መጎዳቱን አስታውሱት። እንግዲህ የቤት ማኅበራት ቦታ ሲጠይቁ፣ ጎርፍ የሚወርድበትን፣ ቁልቁለቱንና የአፈሩን ዓይነት የሚያሳየው ካርታ ከይዞታ ካርታው ጋር በአንድ ፋይል ይኑር፤ የአደጋ ስጋት ባለሙያውም ከምሪቱ በፊት ይፈርም። ቤቱ ካለቀ በኋላ የሚሰጥ አስተያየት ለማፍረስ እንጂ ለማዳን አይጠቅምም።

ተፈናቃዮችንም አትርሱ። በታኅሣሥ 2017 ዓ.ም. በአዋሽ ፈንታሌ አካባቢ መሬት ሲናወጥ፣ የመጀመሪያው ጥያቄ ሕዝቡ የት ይረፍ የሚል ነበር፤ ይህ ደግሞ የቤት ጥያቄ ነው። በእኛም አካባቢ በጦርነቱ ጊዜ ብዙ ሕዝብ ተፈናቅሏል። ውኃና መንገድ የሚደርስበት ትርፍ ቦታ በመዋቅራዊ ፕላኑ፣ ማለትም የከተማው መሬት ለምን እንደሚውል በሚያሳየው ዋና ፕላን ላይ አስቀድሞ ከተከለለ፣ ትምህርት ቤቶች መጠለያ ሆነው ተማሪው ሜዳ ላይ አይቀርም።

ስለ በጀትም ጥቂት ልበል። የበጀት ዓመታችን የሚጀምረው ሐምሌ 1 ቀን፣ ዝናቡ በሚበረታበት ወቅት ነው። አዲሱ ገንዘብ ተለቅቆ ግዥ እስኪፈጸም ጎርፉ አልፎ ይሄዳል። ቦይ የሚጠረገውና የድጋፍ ግንብ የሚጠገነው ግን በሚያዝያና በግንቦት፣ የዓመቱ ገንዘብ ሲመናመን ነው። ስለዚህ ለእነዚህ ሁለት ወራት የሚሆነው ገንዘብ በቀጣዩ ዕቅድ ላይ ለብቻው ተይዞ ሌላ ሥራ እንዳይነካው፣ ጥያቄውን በበጋው የበጀት ዝግጅት ከቤት ልማቱ ጥያቄ ጋር በአንድ ደብዳቤ፣ በሁለቱም ኃላፊዎች ፊርማ አቅርቡት።