«ለልጄ ጥንቸል ልግዛላት?» ከድሬዳዋና ከሐረር ወላጆች ለቀረቡ ጥያቄዎች የተሰጡ መልሶች

ባለፈው ሳምንት አንድ አባት የስድስት ዓመት ወንድ ልጃቸውን አስከትለው፣ በካርቶን ውስጥ የተኛች ነጭ ጥንቸል ይዘው ወደምሠራበት የእንስሳት ክሊኒክ መጡ። ጥንቸሏ ከተገዛች ገና 11 ቀኗ ነበር። የፊት እግሮቿ ይንቀሳቀሳሉ፤ የኋላዎቹ ግን እንደ እርጥብ ጨርቅ ተዘርግተዋል። ልጁ ሊያቅፋት ሲያነሣት ለማምለጥ በኃይል ተራግጣ ወገቧ ተሰብሯል፤ ከእጁ እንኳ አልወደቀችም። የሸጠላቸው ሰው «ለሕፃን ልጅ ከዚህ የተሻለ እንስሳ የለም፤ አይናከስ፣ አይጮህ፣ ጎመን ብቻ ነው የሚበላው» ብሏቸው ነበር። ይህንኑ ለሰፈራችን ወላጆች ካካፈልኩ በኋላ ብዙ ጥያቄዎች ስለደረሱኝ፣ ተመሳሳዮቹን አንድ ላይ አድርጌ እንደሚከተለው እመልሳለሁ።

ጥያቄ፦ ዶክተር፣ ሳትወድቅ ወገቧ እንዴት ይሰበራል? የእኛን ድመት ልጆቹ ቀኑን ሙሉ ሲጎትቷት ይውላሉ፤ ምንም ሆና አታውቅም።

መልስ፦ የድመትና የጥንቸል አጥንት አንድ አይደለም። የድመት አጥንት ከጠቅላላ ክብደቷ 13 በመቶ ገደማ ሲሆን የጥንቸል ግን 8 በመቶ ገደማ ብቻ ነው፤ በአንጻሩ የኋላ እግሮቿ ጡንቻ ከሰውነቷ መጠን ጋር ሲነጻጸር እጅግ ብርቱ ነው። መሬት ላይ ስትሮጥ ያ ኃይል ወደ መሬት ይሄዳል፤ በአየር ላይ ተይዛ ስትራገጥ ግን የሚቀበለው ነገር ስለሌለ ዞሮ የሚያርፈው በራሷ ወገብ ላይ ነው።

ለምን ትራገጣለች ቢሉ፣ ጥንቸል ታዳኝ እንስሳ ናት። በተፈጥሮዋ ከመሬት የሚያነሣት ነገር ሊበላት የመጣ ብቻ ነው። ልጁ በፍቅር ሲያነሣት እሷ የምታውቀው መያዟን ነው። ድመት ሲበዛባት ትጮሃለች፣ ትቧጭራለች፣ ቁም ሣጥን ላይ ወጥታ ትገላገላለች፤ ልጁም በዚያው ልኩን ይማራል። ጥንቸል ግን ድምፅ የላትም ማለት ይቻላል፤ ጮኸች ማለት የሞት ፍርሃት ላይ ደርሳለች ማለት ነው። ስለዚህ እናት ማድ ቤት ሆና ሳሎን ውስጥ የሚሆነውን አትሰማም። ሻጮቹ «ጸጥተኛ ናት» እያሉ የሚያመሰግኑት ጠባይዋ እኔን ከሁሉ በላይ የሚያስፈራኝ ነው።

በጆሮዋ ማንሣትን በተመለከተ ብዙዎቻችሁ ጠይቃችኋል። ፈጽሞ አይደረግም። ጆሮዋ መያዣ አይደለም፤ በስስ ቆዳ የተሸፈነ የደም ሥር መረብ ነው።

ጥያቄ፦ የእኔ ልጅ ጥንቸሏን በጀርባዋ አስተኝታ ሆዷን ስታሻሻት ወዲያው እንቅልፍ ይወስዳታል። ይህ እኮ ስለተመቻት ነው፤ አይደለም እንዴ?

መልስ፦ አይደለም። በሚቀጥለው ጊዜ ጠጋ ብለው ይመልከቱ። ዓይኗ ክፍት ነው፣ ትንፋሿ ፈጣን ነው፣ እግሮቿም ተገትረዋል። ይህ እንቅልፍ ሳይሆን ማምለጥ ያልቻለ ታዳኝ እንስሳ የሞተ መስሎ የሚደርቅበት የመጨረሻ መከላከያ ነው። በዚያች ደቂቃ ልቧ በፍርሃት ይመታል። ለልጅዎ ይህን በቁጣ ሳይሆን በማስረዳት ቢነግሯት ይገባታል፤ እኔ እንዳየሁት ልጆች «ፈርታ ነው» የሚለውን ቃል ከአዋቂዎች ይልቅ ቶሎ ይቀበላሉ።

ጥያቄ፦ ሳቢያን ነው የምንኖረው፤ ቤታችን ቆርቆሮ ነው። ከጥንቸሏ ሳጥን ፊት ለፊት ቬንትሌተር አድርገንላታል። ይበቃል?

መልስ፦ በድሬዳዋ ትልቁ ጉዳይ ይኸው ስለሆነ ሰፋ አድርጌ እመልሳለሁ። ጥንቸል አታልብም፤ እንደ ውሻም አለክልካ ራሷን በደንብ ማቀዝቀዝ አትችልም። ሙቀቷን የምታስወጣው በዋናነት በጆሮዎቿ ነው። የሚስማማት አየር ከ15 እስከ 20 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ አካባቢ ሲሆን ከ30 ዲግሪ ሲያልፍ ሕይወቷ አደጋ ላይ ይወድቃል። በግንቦትና በሰኔ ከተማችን ከዚህ በላይ ስንት ቀን እንደምትውል ለእርስዎ አልነግርዎትም፤ ከቆርቆሮ በታችማ ሌላ ዓለም ነው። ቬንትሌተር እኛን የሚያቀዘቅዘን ላባችንን ስለሚያደርቅ ነው፤ የማያልብን እንስሳ ሞቃት አየር ቢነፋበት ጥቅሙ ትንሽ ነው፤ መብራት ሲጠፋ ደግሞ እሱም አይኖርም።

የሚሻለው ይህ ነው። በሃይላንድ ጠርሙስ ውኃ አቀዝቅዘው በረዶ ሲሆን በጨርቅ ጠቅልለው አጠገቧ ያስቀምጡ፤ ስትፈልግ ትደገፈዋለች፤ በሁለት ጠርሙስ ማፈራረቅ ይቻላል። አፉ የሰፋ አሮጌ እንስራ ካለዎት በኒም ዛፍ ጥላ ሥር በጎኑ አጋድመው ግማሹን በአፈር ይቅበሩትና ውጭውን ውኃ ያርከፍክፉበት፤ ሸክላው እንደ መጠጥ ውኃችን ሁሉ ውስጡን ያቀዘቅዝላታል። ውኃ ከፊቷ ፈጽሞ አይጥፋ። ተዘርራ ቶሎ ቶሎ ከተነፈሰች፣ አፏን ከከፈተች ወይም አፍንጫዋ ዙሪያ ከረጠበ፣ ጆሮዎቿን ቀዝቀዝ ባለ ውኃ (በበረዶ ውኃ አይደለም) እያረጠቡ ወዲያው ወደ ባለሙያ ይውሰዷት። ልጆቹ «ሞቋታል» ብለው ባልዲ ውስጥ እንዳይነክሯት ይጠንቀቁ፤ በዚህ ምክንያት በድንጋጤ የሞተች ጥንቸል አይቻለሁ።

በነገራችን ላይ ጥንቸል የምትነቃው ጎሕ ሲቀድና ሲመሻሽ ነው። ልጆች ደግሞ ከትምህርት ቤት መጥተው ሊጫወቱባት የሚፈልጉት እሷ ማረፍ በምትፈልግበት የቀን ሙቀት ነው።

ጥያቄ፦ ሐረር ስለምንኖር ሙቀቱ አያሳስበንም። ለእኛስ ችግር አለው?

መልስ፦ የሐረር አየር በእርግጥ ይሻላታል። ነገር ግን የወገቧ አጥንት ሐረርም ያው ነው። ሌሊት ግቢ ውስጥ እንዳትተዋት፤ ጅብ ከሰው ጋር በሚኖርበት ከተማ የሽቦ ሳጥን ዋስትና አይሆንም፤ ጅቡ ባይደርስባት እንኳ ሽታውና ድምፁ ይበቃታል።

ጥያቄ፦ ሻጩ ጎመንና ካሮት ይበቃታል አለን። የልጄ አያት ደግሞ ከበርጫ የተረፈውን የጫት ገራባ ለፍየሎቹ ሲሰጥ ለእሷም ይጥልላታል፤ ደስ ብሏት ትበላለች።

መልስ፦ ገራባውን ዛሬውኑ ያስቁሙ። ፍየል የቻለውን ሁሉ ጥንቸል አትችለውም፤ የሚያነቃ ቅጠል ለፈሪ እንስሳ ልብ ምን ሊጠቅም? ካሮት ስኳር ስላለው አልፎ አልፎ እንደ ከረሜላ የሚሰጥ ነው፤ ጥቅል ጎመን ሲበዛ ሆዷን ይነፋል። ዳቦ፣ ብስኩትና እንጀራም የእሷ ምግብ አይደሉም።

የጥንቸል ዋና ምግብ ሣርና ድርቆሽ ነው፤ ከምትበላው ከአሥር እጅ ስምንቱ እሱ ሊሆን ይገባል። ምክንያቱ ሁለት ነው። አንደኛ፣ ጥርሷ ዕድሜዋን ሙሉ ያድጋል፤ የፊት ጥርሶቿ በዓመት ከ10 ሴንቲ ሜትር በላይ ያድጋሉ፤ ጭረት ያለው ሣር ካላኘከች እርስ በርስ ተጣመው ምላሷንና ጉንጯን ይወጋሉ፤ ምግብ ከፊቷ ተቀምጦም በረኃብ ትሞታለች። ሁለተኛ፣ አንጀቷ ያለማቋረጥ መንቀሳቀስ አለበት፤ ጥንቸል ማስታወክ ስለማትችል የገባው ሁሉ አልፎ መውጣት ይኖርበታል። ለፍየል የሚሸጠውን የሣር እስር መግዛት ይችላሉ፤ ግን ያሽትቱት፤ የሻገተ ወይም ታምቆ የሞቀ ከሆነ ይተውት። አልፋልፋ የተባለው የመኖ ተክል ከስድስት ወር በታች ላሉት ጥሩ ነው፤ ላደጉት ግን ካልሲየም ስለሚበዛበት ዘወትር አይሰጥም። ግማሽ ቀን ሙሉ ምንም ካልበላችና በጠጥ ካልጣለች «ነገ ይሻላት ይሆናል» አይበሉ።

አንዲት እናት «የራሷን ኩስ ትበላለች፤ አበደች እንዴ?» ብለው ጠይቀዋል። አላበደችም። ለስላሳውን ኩስ መልሳ መብላቷ ከምግቧ ያልወሰደችውን ንጥረ ነገር የምትወስድበት መንገድ ነው፤ አትከልክሏት።

ጥያቄ፦ ልጄን ጣቱን ነከሰችው። አትናከስም ብለውን ነበር።

መልስ፦ ጣቱን አፍንጫዋ ሥር አስገብቶ ነበር? ጥንቸል በግራ በቀኝና ከበላይዋ ሰፊ ቦታ ታያለች፤ ከአፍንጫዋ ፊት ያለውን ግን አታይም። እዚያ የገባ ጣት ለእሷ ካሮት ነው። ቁስሉን በሳሙናና በውኃ በደንብ አጥባችሁ፣ ጥልቅ ከሆነ ወደ ጤና ጣቢያ ውሰዱት፤ ስለ ቴታነስ ክትባቱም ጠይቁ። ቆዳው ላይ ክብ ሆኖ የሚያሳክክ ነገር ከወጣ ደግሞ ጭርት ሊሆን ስለሚችል ልጁም ጥንቸሏም መታየት አለባቸው።

ጥያቄ፦ ሁለቱም ሴት ናቸው ተብለን ገዛን፤ ትናንት አንዷ ስድስት ወለደች! ፀጉሯን ነቅላ ጎጆ ሠርታለች፤ ግን ልጆቿ ላይ አትቀመጥም። ጣለቻቸው ማለት ነው? የላም ወተት እያጠባናቸው ነው።

መልስ፦ አልጣለቻቸውም፤ የላም ወተቱን አቁሙ። ጥንቸል ግልገሎቿን የምታጠባው በቀን አንድ ጊዜ፣ ቢበዛ ሁለት ጊዜ፣ ያውም ለጥቂት ደቂቃ ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ እናንተ በተኛችሁበት ሰዓት። ከዚያ ትርቃለች፤ የምትርቀውም አዳኝ በእሷ ሽታ ወደ ጎጆው እንዳይመራ ነው። ጠዋት አንድ አዋቂ ሰው እጁን ታጥቦ ሆዳቸውን ይይ፤ ክብና የተወጠረ ከሆነ ጠብተዋል። የተሸበሸበ ከሆነ ብቻ ደውሉልኝ። ልጆቹ ጎጆውን እየከፈቱ እንዳያዩ አደራ፤ የተረበሸች እናት ግልገሎቿን ልትገድል ትችላለች፤ ያንን ያየ ልጅ ደግሞ ቶሎ አይረሳውም።

ከዚህ የሚብሰው ሁለተኛዋ «ሴት» ነው። እርግዝናቸው 31 ቀን ገደማ ሲሆን እናቲቱ በወለደችበት ቀን እንደገና ልታረግዝ ትችላለች። ስለዚህ ወንዱን አሁኑኑ ለዩት። የትንንሽ ጥንቸሎችን ጾታ መለየት ለባለሙያም ቀላል ስላልሆነ ሻጩን በውሸት አልከስም፤ አለማወቁን አለመናገሩን ግን እከሳለሁ። ስለ ማኮላሸት ለጠየቃችሁኝ፣ እኛ በዚህ አካባቢ ያለን ሐኪሞች በብዛት እጃችንን የፈታነው በግመል፣ በከብትና በፍየል ነው፤ ለጥንቸል ማደንዘዣ መስጠት የራሱ ልምድ ይፈልጋል። ከመግዛታችሁ በፊት ይህን የሚሠራ ሐኪም መኖሩን አረጋግጡ።

ጥያቄ፦ ስታስነጥስ ለልጆች የሚሰጠውን አሞክሲሲሊን ሽሮፕ ብሰጣትስ?

መልስ፦ እባክዎ አይስጧት። አሞክሲሲሊንና መሰሎቹ በአፍ ሲሰጧት አንጀቷ ውስጥ ያሉትን ጠቃሚ ባክቴሪያዎች አጥፍተው ይገድሏታል። ለልጅዎ ያዳነው መድኃኒት ለእሷ መርዝ ነው።

ጥያቄ፦ አያታችን «የማይበላ እንስሳ ቤቴ አይገባም» ብለው ተቆጡ። ጎረቤታችን ደግሞ «ለእኛ ሐላል ነው፤ ካልፈለጋችሁ ስጡን» ይሉናል።

መልስ፦ ድሬዳዋ ውስጥ መኖር እንዲህ ነው! በኦሪት ዘሌዋውያን ምዕራፍ 11 ላይ ጥንቸል የተጠቀሰችው በማይበሉት መካከል ነው፤ አህያና ድመትም አይበሉም፣ ከእኛ ጋር ግን ይኖራሉ። የቀረውን ለንስሐ አባታቸው ልተወው። የጎረቤትዎን በተመለከተ፣ ስም የወጣላትን ጥንቸል ለሥጋ ከመስጠትዎ በፊት ልጅዎን እውነቱን ይንገሯት፤ «ገጠር ሄደች» አይበሏት።

ጥያቄ፦ እኔ ከዚራ አካባቢ የቤት እንስሳት የምሸጥ ነኝ። እኔ ባልሸጥ ሌላው ይሸጣል። እርስዎ እንጀራዬን ሊዘጉ ነው?

መልስ፦ በግልጽ ስለጠየቁ አመሰግናለሁ። ጥንቸል አይሸጥ አላልኩም፤ «ለሕፃን ልጅ የምትሆን» ተብላ አትሸጥ ነው የምለው። ስምንት ሳምንት ሳይሞላት ከእናቷ አትለዩዋት። ወንድና ሴቱን ለዩ። በጸሐይ ላይ፣ እግር በሚያቆስል የሽቦ ወለል ላይ አታስቀምጧቸው። ገዢው ልጁን ይዞ ሲመጣ ደግሞ «በደንብ ከተያዘች ከ8 እስከ 12 ዓመት ትኖራለች፤ ማን ይንከባከባታል?» ብለው ይጠይቁት። ዛሬ አምስት ዓመቱ የሆነ ልጅ ጥንቸሏ ስታረጅ አሥራ ሁለተኛ ክፍልን ሊጨርስ ይቃረባል። ይህን ሰምቶ የሚመለስ ገዢ ቢኖር፣ በወሩ ተቆጥቶ «መልስልኝ» ሊልዎት የነበረው ሰው ነው።

ጥያቄ፦ እኛ አንዴ ገዝተናል፤ ልጄ አምስት ዓመቷ ነው፤ ብንሰጥባት ታለቅሳለች። ምን እናድርግ?

መልስ፦ ጥንቸሏ የእርስዎ እንደሆነች ይቁጠሩት፤ ልጅዎ ረዳት ትሁን። ማንሣት የአዋቂ ሥራ ብቻ ነው፤ እሱም አንድ እጅ ከደረቷ ሥር፣ አንድ እጅ ከመቀመጫዋ ሥር አድርጎ፣ ወደ ሰውነት አስጠግቶ ነው። ልጅዎ ግን ሲመሻሽ ምንጣፍ ላይ እግሯን ዘርግታ ትቀመጥ፤ የሣር ጭረት በእጇ ትያዝ፤ ዝም ትበል። የመጀመሪያዎቹ ቀናት ጥንቸሏ ከሳጥኗ ላትወጣ ትችላለች። ከዚያ አንድ ቀን ትቀርብና የልጅቷን እግር አሽትታ ትመለሳለች፤ በሌላ ቀን ሣሩን ከእጇ ትወስዳለች። ልጅዎ ያን ጊዜ በጣቷ ከግንባሯ ወደ ጆሮዎቿ መካከል ቀስ አድርጋ ትዳብሳት። ጥንቸሏ ጥርሷን በቀስታ ስታፋጭ ከሰማች ተመችቷታል ማለት ነው። የኋላ እግሯን መሬት ላይ «ዱብ» ካደረገች ደግሞ ልጅዎ እጇን ትሰብስብ።