መልስ፦ የጣሊያን መንገድ ድንጋይ ላይ ያለው ዓመት እንዴት ይነበባል?

ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር ሲወጣ መንገድ ዳር ስላየኸው ድንጋይ፣ «አኖ» (በጣሊያንኛ «ዓመት») ከሚለው ቀጥሎ ስላለው የሮማ ቁጥር ለጠየቅከው፦ የፋሺስቶቹ የራሳቸው ዘመን ነው። መነሻው ጥቅምት 18 ቀን 1915 ስለሆነ ቁጥሩ ላይ 1914 ደምርበት። 16 ካለ፣ ከጥቅምት 1930 እስከ ጥቅምት 1931 ያለው ጊዜ ነው።

14 ከመሰለህ ግን ቶሎ አትመን። በሮማ ቁጥር 14 (XIV) እና 16 (XVI) የሚለያዩት የመጨረሻዎቹ ሁለት ፊደላት ቦታ ስለተለዋወጡ ብቻ ነው፤ ድንጋዩ ሲሸረሸር ያምታታሉ። ጣሊያን ባሕር ዳር የገባው በሚያዝያ 1928 ነው፤ «14» ደግሞ ጥቅምት 1929 ላይ ያበቃል። መሀል ላይ የጣናን ክረምት አስብ! በዚያ አጭር ጊዜ መንገድ ሠርቶ ድንጋይ መትከል ይከብዳል።

ለማንበብ አመሻሽ ላይ የስልክህን መብራት ከጎን አብራበት፤ የፊደሎቹ ጥላ ይወጣል። ጠመኔ አትቀባው። የድንጋይ ሽበቱንም (ድንጋዩ ላይ ተጣብቆ የሚበቅለውን) በሽቦ ብሩሽ አትፋቀው፣ የፊደሉን ጠርዝ ይዞ ይነሳል። ንጹሕ ውሃና ለስላሳ ብሩሽ ይበቃል።