ውሻ እንዳትወልድ የሚያደርግ ክትባት አለ ወይ?

ጥያቄ፦ በዜንዘልማ በግና ዶሮ አረባለሁ። ውሻዬ በዓመት ሁለት ጊዜ እየወለደች ቡችሎቹን የሚወስድልኝ ሰው አጥቻለሁ፤ ባለቤት የሌላቸው ውሾችም ተሰብስበው ሁለት በግ በሉብኝ። ውሻ እንዳትወልድ የሚያደርግ ክትባት ተሠርቷል ሲባል ሰምቻለሁ። ባሕር ዳር ይገኛል?

መልስ፦ የሰሙት ነገር መሠረት አለው፤ አሁን ባሕር ዳር ሄደው የሚያስወጉት መርፌ ግን አይደለም። አንድ ጊዜ ተሰጥቶ ውሻን ዕድሜ ልክ የሚያመክን መድኃኒት ለሚያቀርብ ሰው እ.ኤ.አ. በ2008 አሜሪካ ውስጥ 25 ሚሊዮን ዶላር ሽልማት ቢመደብም እስካሁን የወሰደው የለም።

በብዛት የተሞከረው ክትባት ዒላማ የሚያደርገው ጂኤንአርኤች የተባለውን፣ ከአንጎል ተነሥቶ የመራቢያ አካላትን ሥራ የሚያስጀምረውን ሆርሞን ነው። ሆርሞኑ እጅግ ትንሽና የራስ አካል ስለሆነ ሰውነት እንደ ጠላት አያየውም፤ ስለዚህ ተመራማሪዎች ከትልቅ ባዕድ ፕሮቲን ጋር ያጣብቁትና ሰውነት ባዕዱን ሲዋጋ የራሱንም መልእክተኛ አብሮ እንዲይዝ ያደርጋሉ። ያን ጊዜ የእንቁላል ማፍሪያው ሥራውን ያቆማል። ይህ ዘዴ በአሳማ፣ በአጋዘንና በዱር ፈረስ ላይ በሥራ ላይ ውሏል። በውሻ ላይ ግን ውጤቱ ከአንዷ ወደ ሌላዋ ይለያያል፣ የተወጋው ቦታ ሊያብጥ ይችላል፣ ኃይሉም ከጊዜ በኋላ ይደክማል። በእኔ ግምት ትልቁ እንቅፋት የመጨረሻው ነው፤ በግዎን የበላው የሰፈር ውሻ አንዴ ቢያዝ እንኳ ለሁለተኛው መርፌ ተመልሶ እጅ አይሰጥም።

ክትባቱን ሲጠብቁ ለሴቶች የሚሰጠውን የሦስት ወር የወሊድ መከላከያ ለውሻዎ እንዳያስወጉ አደራ እላለሁ። እንዲህ ተወግታ ሆዷ ተነፍቶ ከማህፀኗ መግል የሚወርዳት ውሻ በሥራዬ ላይ አይቻለሁ፤ ያረገዘች ከሆነች ደግሞ ምጡ ሊታገድ ይችላል።

አስተማማኙ መንገድ ማህፀኗንና የእንቁላል ማፍሪያዋን በቀዶ ሕክምና ማስወጣት ነው፤ ይህን ሥራ የሚሠራ የእንስሳት ሐኪም ያነጋግሩ። እስከዚያው ድረስ ደም ማየት ከጀመረችበት ቀን አንሥቶ ሦስት ሳምንት ሙሉ፣ ወንድ ውሻ ሊዘልለው በማይችል አጥር ውስጥ ይዝጉባት። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፦ ከዘጠኝ ቀን ገደማ በኋላ ደሙ ሲሳሳ «አበቃ» ብሎ ይፈታታል፤ ወንድ የምትቀበለው ግን በአብዛኛው ያኔ ነው። ካመለጠችዎት ከሁለት ወር ትንሽ አልፎ ትወልዳለች።

የሰፈሩን ውሾች በመርዝ መግደል አይበጅም፤ የሚበላ ነገር እስካለ ድረስ በቦታቸው ሌሎች ይመጣሉ። የታረደ በግ አንጀትና ሳንባ ሜዳ ላይ አይጣሉ፤ በጥልቁ ይቅበሩት። የራስዎንም ውሻ ሦስት ወር ሲሞላት ጀምሮ በየዓመቱ የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት ያስከትቧት፤ ይህኛው ክትባት አለ፣ ይሠራልም።